ሰባቱ ገብቶ አንዱ ሲቀር

ህዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ አርጀንቲና ከሳውዲ አረቢያ። የኳታርና የእኛ ሰዓት እኩል ስለሆነ ለገርጂና ለመገናኛ ተመልካች ጨዋታው ልክ ምሳ ሰዓት ላይ ዋለ። አርጀንቲና 36 ጨዋታ ሳትሸነፍ ነበር የመጣችው። ሜሲ ገና በ10ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ፤ ከዚያ እስከ እረፍት ሦስት ጎሎች ከጨዋታ ውጭ ተብለው ተሻሩ። ከእረፍት መልስ ሳውዲዎች በ48ኛውና በ53ኛው ደቂቃ አከታትለው አገቡና 2 ለ 1 አሸነፉ። በማግስቱ ደግሞ ጀርመን በጃፓን በዚያው ውጤት ተረታች።

ሁለቱን ቡድኖች «ሹር» ብሎ ለየብቻ ትኬት የቆረጠ ሰው በሁለት ቀን ሁለቴ ተበላ። ግን ግምቱ ምን ነበረው? አርጀንቲና ከሳውዲ ትበልጥ ነበር፤ ከ26 ቀን በኋላ ዋንጫውን ያነሳችውም እሷው ናት። ልክ ገምቶ መሸነፍ የሚባል ነገር አለ። ይህን መቀበል ስለሚከብድ ነው ብዙ ሰው «ጨዋታው ተሽጧል» ወደሚለው የሚሮጠው።

ነገሩን ከማንም በላይ አብጠርጥረው የሚያውቁት የፖከር ተጫዋቾች ናቸው። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው ጨዋታ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ይታደላል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጥንድ አስ ነው። በአማካይ ከ221 እደላ አንዴ ይመጣል። የዘፈቀደ ካርታ ከያዘ አንድ ተጋጣሚ ጋር ብቻውን ተፋጥጦ ያለውን ቺፕ ሁሉ ያስገባ ባለጥንድ አስ፣ ከ100 ጊዜ 85ቱን ያሸንፋል። ተጋጣሚው ጥንድ ኪንግ ከያዘ 82 ገደማ ነው። አምስት ሰው አብሮት ከገባ ግን ዕድሉ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ከአምስቱ ከእያንዳንዳቸው ይበልጣል፤ አምስቱ ሲደመሩ ግን ይበልጡታል።

በኢንተርኔት በሚካሄድ ቱርናመንት ችግሩ ይጠነክራል። ቺፑ ያለቀበት ሰው ከውድድሩ ይወጣል። 80 በመቶ ዕድል ይዞ አምስት ጊዜ ያለውን ሁሉ የሚያስገባ ተጫዋች አምስቱንም የሚሻገረው ከሦስት አንዴ ብቻ ነው። በየጊዜው ብልጫ ነበረው፣ በመጨረሻ ግን ከሦስት ሁለቴ ይወድቃል። «ኮምፒውተሩ ያጭበረብራል» የሚለው ሮሮ ከዚህ ነው የሚወለደው፤ ኢንተርኔት ላይ በአንድ ሰዓት የሚታደለው ካርታ ከጠረጴዛ ዙሪያው ስለሚበዛ ሽንፈቱም አንገብጋቢ እስኪሆን ይጠጋጋል። የሚወራው ግን ስለ አሸናፊ ነው፦ በ2003 እ.ኤ.አ. በላስ ቬጋሱ የዓለም ፖከር ውድድር ዋና ጨዋታ 839 ሰው ገብቶ፣ መግቢያውን በኢንተርኔት ያገኘው የሂሳብ ሠራተኛ ክሪስ መኒሜከር 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የ838ቱን ታሪክ የጻፈ የለም።

ወደ እኛ ሰፈር እንመለስ። ከ22 እስከ ሲኤምሲ ካርታ ይዞ የሚፋጠጠው ጥቂት ሰው ነው፤ የብዙው ጨዋታ ትኬት ነው። ታላላቅ ቡድኖችን እየመረጡ፣ ስምንት ጨዋታ ደርድረው፣ ሁሉም እንዲገቡ መጠበቅ። ቅዳሜ ማታ ከተወራራጆች የሚሰማው ቅሬታም አንድ ዓይነት ነው፦ «በአንድ ጌም ተበላሁ!»

እስቲ ቅሬታውን በቁጥር እንየው። አወራራጁ ለአንድ ጨዋታ ለባለሜዳው 1.30፣ ለአቻ 5.00፣ ለእንግዳው 9.00 ኦድ (ሲሳካ ያስያዙት ብር የሚባዛበት ቁጥር) አወጣ እንበል። 1ን ለየኦዱ አካፍለው ይደምሩ፦ 0.77፣ 0.20፣ 0.11። ድምሩ 1.08 ይመጣል። ኦዱ የጨዋታውን ዕድል ብቻ ቢናገር ኖሮ ድምሩ 1 በሆነ ነበር፤ ትርፏ የአወራራጁ ናት። እሷን ሲያወጡ የባለሜዳው የማሸነፍ ዕድል 71 በመቶ አካባቢ ሆኖ ይገኛል። ጠንካራ ነው፤ ሹር ግን አይደለም።

እንዲህ ያሉ ስምንት ጨዋታዎች በአንድ ትኬት ሲገቡ ስምንቱም የሚሳኩት ከ100 ትኬት በ7 ገደማው ነው። ሰባቱ ገብተው አንዱ ብቻ የሚቀረውስ? በ21ዱ። በአንድ ጌም መበላት ከማሸነፍ ከሦስት እጥፍ በላይ የሚያጋጥም ነገር ነው! የትኬቱ ተፈጥሯዊ ባሕርይ ስለሆነ ደጋግሞ ይመጣል። ትምህርት ቤት ከስምንት ጥያቄ ሰባቱን የመለሰ ልጅ ይጨበጨብለታል፤ ትኬት ግን ለሰባቱ ምንም አይከፍልም። «ለትንሽ ነው የሳትኩት» የሚለው ስሜት በሚቀጥለው ሳምንት መልሶ ትኬት የሚያስቆርጠውም ስለዚህ ነው።

የገንዘቡን ስሌት ደግሞ ሳልጽፈው ባልፍ ይህ ምዕራፍ ጎደሎ ይሆናል። በዚያው ኦድ 100 ብር በአንድ ጨዋታ ብቻ ቢያስይዙ፣ ደጋግመው ሲጫወቱ በአማካይ ወደ 92 ብር ከ50 ይመለስልዎታል። በስምንት ጨዋታ ቢያስይዙት ሲሳካ 816 ብር ይሰጣል፤ በአማካይ ግን የሚመለሰው 54 ብር ነው። ትኬቱ በረዘመ ቁጥር የአወራራጁ ትርፍ በራሱ ላይ ይባዛል። ጨዋታ ሲጨምሩ ቦነስ የሚጨምርልዎ ድርጅት ለጋስ መስሎ ከታየዎ ይህን ቁጥር ያስታውሱ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ ከ1,000 ብር በሚበልጥ የዕድል ጨዋታ ክፍያ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር።

አሁን ባለጥንድ አሱን ከባለትኬቱ ጎን እናቁመው። ባለካርታው 100 ብር አስገብቶ፣ ተጋጣሚው ያንኑ ያህል ሲያስገባ፣ 85 በመቶ ዕድል ያለው 200 ብር ላይ ቆሟል። ቤቱ የሚቆርጠውን ኮሚሽን ለጊዜው ብንተወው፣ በ100 ብር የገዛው ነገር 170 ያወጣል። ባለትኬቱ በ100 ብር የገዛው 54 ያወጣል። ሁለቱም ዛሬ ቢሸነፉ ሁለቱም «ጠንካራ ይዤ ተበላሁ» ይላሉ። የመጀመሪያው ነገም እንደዚያው ቢያደርግ ያዋጣዋል፤ ሁለተኛው በሚቀጥለው ሳምንት ስምንቱ ሁሉ ቢገቡለት እንኳ የገዛበት ዋጋ ውድ እንደሆነ ይቀራል።

ስለዚህ ውርርዱን በደብተር መመዝገብ ለሚፈልግ ሰው ምክሬ አጭር ነው። ገባ፣ አልገባ የሚለውን ሁሉም ያስታውሰዋል። ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት 1ን ለሦስቱም ኦዶች አካፍሎ ድምሩን ይጻፍ፤ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ጎን ዕድሉን በመቶኛ ያስፍር፤ ከዚያ ያባዛቸው። ይህን ለሁለት ወር ሳያቋርጥ የሠራ ሰው ስምንት ጨዋታ መደርደር እጁን ይይዘዋል። የተበላውን በዚያው ምሽት ለማስመለስ ብሩን እጥፍ የሚያደርግ ሰው ደግሞ ደብተርም አያድነውም፤ ለእሱ የሚሻለው ስልኩን ቤት ትቶ መውጣት ነው።

ሽንፈት ያንገበገበውን ሰው የሚጠብቅ ሌላም ገበያ አለ። ቴሌግራም ላይ «ፊክስ ጌም»፣ ማለትም ውጤቱ አስቀድሞ ተሽጧል የሚባል ጨዋታ፣ ሻጩ ብዙ ነው፤ የተስተካከለ የትኬት ፎቶ ይለጥፋል፣ መጀመሪያ በነጻ ይሰጣል። ዘዴው ቀላል ነው። ለ400 ሰው «ባለሜዳው ያሸንፋል» ብሎ ይልካል፣ ለሌላ 400 «አያሸንፍም»። የተሳሳተው ወገን ይረሳል፤ ልክ የደረሰው 400 እንደገና ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያ 200ው። ከሦስት ዙር በኋላ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ልክ የተነገራቸው 100 ሰዎች ይቀራሉ። አራተኛው ትንቢት በገንዘብ የሚሸጠው ለእነሱ ነው።