የጠላቂ ሬጉሌተር መለዋወጫ ሲጠፋ

በቆጋ ግድብ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ነው። ሰው 10 ሜትር ሲጠልቅ ግን አንድ አትሞስፌር ይጨመርበታልና፣ አየሩ በዚያው ግፊት ካልመጣለት ደረቱን ከፍቶ መተንፈስ አይችልም። ይህንኑ የሚያስተካክለው ሬጉሌተር ነው። ፈረንሳውያኑ ጋኛንና ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1943 የሞከሩት፣ በጦርነቱ ቤንዚን ስለ ጠፋ መኪና በጋዝ እንዲሄድ ከተበጀ መሣሪያ አሻሽለው ነው፤ ከችግር የተወለደ ዕቃ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ፋብሪካው መለዋወጫ መሥራቱን ቢተውስ? ክብ ጎሚኒ ብዙ አያስቸግርም፤ በታወቀ ልክ ስለሚሠራ ስፋቱ፣ ውፍረቱ፣ ጥንካሬውና የጎማው ዓይነት ከተስማማ ከሌላ ፋብሪካ ይገኛል። የቫልቩ መቀመጫ ግን ለዚያው ሞዴል የተቀረጸ ነው። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ መተካት በነፍስ መቀለድ ይመስለኛል። የመኪና ግሪስም አይቀባም፤ አንዳንዱን ጎማ ያሳብጣል፣ ኦክሲጅን በበዛበት አየርም እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ከተገጠመ በኋላ በጌጅ ይፈተናል። በአንደኛውና በሁለተኛው ክፍል መካከል ያለው ግፊት በብዙዎቹ ሞዴሎች ከ9 እስከ 10 አትሞስፌር ገደማ ሆኖ ይቆማል። መርፌው ሳይቆም ቀስ በቀስ ከወጣ፣ መቀመጫው አየር ያሳልፋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሬጉሌተር እኔ ብሆን ለክፍል ማሳያ አስቀምጠዋለሁ እንጂ ውኃ አላስገባውም።