የየቲሞች መዝገብ ያለበት ላፕቶፕና የይለፍ ቃል ለውጥ



ከዓመታት በፊት በአንድ የክፍያ ቀን ወለቃ ላይ የገጠመኝን ላስቀድም። የየቲሞቹ አሳዳጊዎች ከማለዳ ጀምሮ ተሰብስበዋል። ስም ዝርዝሩና የሒሳቡ መዝገብ ያለው ከጎንደር በመጣ አንድ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። ላፕቶፑን የያዘው ወጣት የይለፍ ቃሉን፣ በተለምዶ ፓስዎርድ የምንለውን፣ ከሁለት ቀን በፊት ረስቶት ለቢሮው በስልክ አመልክቶ አዲስ ተሰጥቶታል። አዲሱን ሲያስገባ ላፕቶፑ አልቀበልም አለ፤ አሮጌውን ደግሞ ማስታወስ አልቻለም። ጎንደር ደርሶ እስኪመለስ ድረስ እናቶች ሕፃናት አዝለው ፀሐይ ላይ ቆዩ። ያን ዕለት በልጁ ተቆጥቼ ነበር፤ ምክንያቱን የተረዳሁት ግን ኋላ ነው።

በቢሮ ኔትዎርክ የተመዘገበ ላፕቶፕ የይለፍ ቃሉ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው ሰርቨር የተባለውን ዋና ኮምፒውተር ጠይቆ ነው። ከቢሮ ሲርቅ ግን የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ዊንዶውስ ባለቤቱ ባለፈው ጊዜ ሲገባ ያስቀረውን ማመሳከሪያ ይጠቀማል። ይህ ማመሳከሪያ ቃሉ ራሱ ሳይሆን ከቃሉ በስሌት የወጣ ምልክት ነው። በመሆኑም ጎንደር ላይ ቃሉ ቢለወጥ ወለቃ ያለው ላፕቶፕ ከኔትዎርኩ ጋር እስኪገናኝ ድረስ ለውጡን አያውቅም፤ የሚያውቀው አሮጌውን ብቻ ነው።

መፍትሔው ቅደም ተከተልን መጠበቅ ነው። ራቅ ብሎ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል እስከ ቢሮው ኔትዎርክ በሚዘረጋው የተመሰጠረ መስመር ይገናኝ። ከዚያም ኮንትሮል፣ ኦልት እና ዲሊት የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጭኖ ቃሉን እዚያው ላፕቶፑ ላይ ይለውጥ፤ ሰርቨሩም ላፕቶፑም አዲሱን በአንድ ጊዜ ያውቁታል። ቃሉ አስቀድሞ በሌላ ቦታ ተለውጦ ከሆነ ደግሞ ላፕቶፑን በአሮጌው ከፍቶ፣ ቪፒኤኑን በአዲሱ አገናኝቶ፣ መስመሩ ሳይቋረጥ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «ኤል»ን በመጫን ስክሪኑን ይቆልፍና በአዲሱ ቃል ይክፈት። አሮጌው ፈጽሞ ከተረሳ፣ ከመግባት በፊት የሚሠራ ቪፒኤን ካልተዘጋጀ በስተቀር፣ ላፕቶፑን ወደ ቢሮ ከማምጣት በቀር አማራጭ የለም። ለወለቃ ይህ ቀላል ነው፤ ደባርቅ ላለ ሰው ግን የቀን መንገድ ነው።

የቢሮውን ኢሜይል በእጅ ስልካቸው የሚከፍቱም አሉ። ስልኩ አሮጌውን ቃል ይዞ ደጋግሞ ሲሞክር ሰርቨሩ ሌባ የመጣ መስሎት የተጠቃሚውን መግቢያ ይዘጋል። ስለዚህ በዚያው ቀን የስልኩም ቃል ይስተካከል።

ኢንተርኔት ከሌለ ቪፒኤንም የለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለሆነም በክፍያ ሳምንት ቃል አይለወጥ፤ የዕለቱ ዝርዝርም በወረቀት ታትሞ በታሸገ ፖስታ ይያዝ።

አንዳንድ ወንድሞች ከዚህ ሁሉ ጣጣ ለመዳን ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ቃል ይሁን ይላሉ። በዚህ አልስማማም። በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) የየቲም ገንዘብ ለባለቤቱ ሲመለስ ምስክር እንዲቆም አዟል። መዝገቡ ላይ «ተከፍሏል» ብሎ የጻፈው ማን እንደሆነ የሚነግረን በእያንዳንዱ ሰው ስም የተለየ መግቢያ ነው። ቃሉ የጋራ ከሆነ ምስክሩ ጠፋ፤ ታማኙ ሠራተኛም ቢጠረጠር ራሱን ነጻ ማውጣት አይችልም።

በየወሩ ቃል ማስለወጥም እንደሚታሰበው አይጠቅምም። ሰው ሲሰለች የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ ይለውጣል፣ ወይም ቃሉን በወረቀት ጽፎ ላፕቶፑ ላይ ይለጥፋል። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስለወጥን እንደማይመክር ገልጿል፤ ማይክሮሶፍትም በ2019 ይህን ከመነሻ የደኅንነት ምክሮቹ አውጥቶታል። ረጅም ቃል መርጦ፣ ተሰርቋል ተብሎ ሲጠረጠር ወዲያውኑ መለወጥ ይሻላል።

ሠራተኛ ሲሰናበት ግን ጥንቃቄው ሌላ ነው። መግቢያው ቢሮ ላይ ቢዘጋም ከኔትዎርክ ውጭ ያለው ላፕቶፕ በቀረው ማመሳከሪያ አሁንም ይከፈትለታል። በውስጡ የሕፃናት ስም፣ የአሳዳጊዎች ስልክና መኖሪያ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ በሕግም የሚያስጠይቅ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑ በስንብቱ ዕለት፣ ሒሳቡ ከመዘጋቱ በፊት፣ በሁለት ሰዎች ፊርማ ይረከብ።

ወላሁ አዕለም።