በሲ የተጻፈ ባሕረ ሐሳብ ከፓይተን ጋር አልገናኝ ሲል፤ የሊንከር ስሕተት የሚመረመርበት ሥርዓት

ባሕረ ሐሳብን በኮምፒውተር የሚያሰላ፥ የኢትዮጵያን ቀን ከኤውሮፓውያን ቀን ጋር የሚያዛምድ፥ ወይም የአማርኛን ጽሑፍ የሚመረምር ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፎ ያንኑ ከፓይተን ሊጠራው የፈለገ ሰው፥ ኮዱ ያለ አንዳች ነቀፋ ኮምፓይል ከሆነለት በኋላ ሊንከር የተባለው አያያዥ «ይህን ስም አላገኘሁትም» ብሎ ሲመልሰው፥ ድካሙ ሁሉ ከንቱ የቀረ ይመስለዋል። ነገሩን በእርጋታ ለተመለከተው ግን የሊንከር ስሕተት የጎደለውን ነገር በስሙ ጠርቶ የሚናገር ስለ ሆነ ከብዙዎቹ ስሕተቶች ይልቅ ግልጽ ነው፤ የሚያስቸግረውም ጠያቂው መልእክቱን ሳያነብ ለመጠገን ሲቸኩል ብቻ ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ቃል፥ ፈውስ ምርመራን ይከተላል እንጂ አይቀድምም የሚል ነው።

በሲ የተጻፈውን ከሌላ ቋንቋ መጥራት ለአገራችን አዲስ ጉዳይ አይደለም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከመስፈሩ አስቀድሞ፥ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ለ«ሀ» የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር፤ ይህንንም ለማስታረቅ ዳንኤል ያዕቆብ ሊብ ኤት የተባለውን ላይብረሪ በሲ አዘጋጅቶ፥ ከፐርል ቋንቋ እንዲጠራም ኮንቨርት ኢትዮፒክ የተባለውን ሞጁል አበጀለት፤ የፊደል ልውጠትና የዘመን አቆጣጠር ስሌትም በአንድነት ቀረቡ። ዛሬም በአገራችን መሥሪያ ቤቶች፥ ቀድሞ በሲ የተጻፈውን ኮድ ሳይጥል በፓይተን ሊገለገልበት የሚሻ ባለሙያ ይኖራልና፥ ይህ ጽሑፍ ለእርሱ የታሰበ ነው።

ምሳሌያችን የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወሰንባቸውን ቁጥሮች፥ ማለት ወንበርን፥ አበቅቴንና መጥቅዕን፥ የሚያሰላ ባሕረ ሐሳብ የተባለ የሲ ላይብረሪ ሲሆን፥ ማሽኑም ጂ ሲ ሲ የተጫነበት ኡቡንቱ ሊኑክስ ነው። ትእዛዞቹና የስሕተቱ ቃላት በማሽኑ ላይ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ናቸው፤ እዚህ ግን እንደ ንባባቸው በፊደላችን ሰፍረዋል።

1ኛ፤ ስሕተቱ የተነሣበትን ደረጃ ይለዩ

የሲ ኮድ ከፓይተን ጋር እስኪገናኝ ድረስ በሦስት ደረጃዎች ያልፋል። መጀመሪያ ኮምፓይለሩ ጽሑፉን ወደ ማሽን ልሳን ይመልሰዋል፤ ሁለተኛ ሊንከሩ የተለያዩትን ኦብጀክት ፋይሎች አያይዞ መጨረሻው ነጥብ ኤስ ኦ የሆነ ሼርድ ላይብረሪ፥ ማለት የፓይተንን ሞጁል፥ ያወጣል፤ ሦስተኛ ፓይተን «ኢምፖርት» በተባለ ጊዜ የሲስተሙ ጫኚ ይህን ፋይል ወደ ሜሞሪ አምጥቶ ያልተፈቱትን ስሞች ከባለቤቶቻቸው ጋር ያገናኛል። ስለዚህ ማሽኑ «ፓይተን ነጥብ ኤች» የተባለው ፋይል የለም ካለ ነገሩ የኮምፓይለር ነው፤ «ፓይተን 3 ዴቭ» የተባለውን ጥቅል መጫን ይበቃዋል። መልእክቱ «ኤል ዲ» ወይም «ኮሌክት 2» በሚል ስም የመጣ እንደ ሆነ የሊንከር ነው፤ «ኢምፖርት ኤረር» የሚል እንደ ሆነ ደግሞ የጫኚው ነው። ይህን ሳይለዩ መጀመር በሌላ ሕመም መድኃኒት መታከም ነው።

2ኛ፤ የመጀመሪያውን መሥመር አንብበው ስሙን ይቅዱ

ማሽኑ ብዙ መሥመር ሲጽፍ ዓይን ወደ መጨረሻው ይሳባል፤ የመጨረሻው መሥመር ግን ብዙ ጊዜ «ሥራው አልተሳካም» ከማለት በቀር የሚነግረን ነገር የለውም። ውጤቱን ሁሉ ወደ ፋይል አስቀምጠው ከላይ ወደ ታች ያንብቡ፥ «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» ወይም «አንዲፋይንድ ሲምቦል» ከሚለው ቀጥሎ የተጻፈውንም ስም አንዲት ፊደል ሳይለውጡ ይቅዱ። ከአንድ ላይብረሪ መጉደል የተነሣ ብዙ ስሞች በአንድነት ሊጠፉ ስለሚችሉ፥ የመጀመሪያው ሲፈታ የቀሩት አብረው መፈታታቸው የተለመደ ነው።

የተቀዳው ስም «ፓይ» በሚል የሚጀምር እንደ ሆነ የጎደለው የፓይተን የራሱ እንጂ የእርስዎ ኮድ አይደለም። በሊኑክስ ላይ ሞጁሉ እነዚህን ስሞች ከሚጭነው ከፓይተን ስለሚያገኝ ለብቻው ማያያዝ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ፓይተንን በሲ ፕሮግራም ውስጥ የሚያሳድሩ ከሆነ፥ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ከ3.8 ጀምሮ «ፓይተን 3 ኮንፊግ» ለተባለው ትእዛዝ «ኤል ዲ ፍላግስ» ከሚለው ጋር «ኤምቤድ» የሚለውን መጨመር ግዴታ ሆኗል።

3ኛ፤ ስሙ በላይብረሪው ውስጥ መኖሩን ይመርምሩ

«ኤን ኤም» የተባለው ትእዛዝ በላይብረሪው ውስጥ ያሉትን ስሞች ይዘረዝራል፤ ለሼርድ ላይብረሪ ሰረዝና ትልቁን ዲ ይጨምሩበት፥ መጨረሻው ነጥብ ኤ ለሆነው ስታቲክ ላይብረሪ ግን ያለ እርሱ ይጻፉት። በስሙ ፊት ትልቁ ቲ ካለ ተግባሩ (ፈንክሽኑ) እዚያው ተጽፎ ይገኛል፤ ትልቁ ዩ ካለ ይፈለጋል እንጂ አልተገኘም፤ ያለ ትልቁ ዲ ሲጻፍ ትንሹ ቲ ከታየ ደግሞ ተግባሩ «ስታቲክ» ተብሎ ወይም በሌላ ምክንያት ለውጭ ጠሪ የተሰወረ ነው። ስሙ ያለ ትልቁ ዲም ሲፈለግ ከነጭራሹ ከሌለ የተጻፈበት ፋይል በማጠናቀሪያው ዝርዝር ውስጥ አልገባ ይሆናልና ዝርዝሩን አይተው ያስገቡት።

4ኛ፤ ሲ ፕላስ ፕላስ ስሙን ለውጦት እንደ ሆነ ይመርምሩ

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዚህ ነው። በሲ የተጻፈ ተግባር በተጻፈበት ስም ይታወቃል፤ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጠናቀረው ግን የሚቀበላቸውን ነገሮች ዓይነት በስሙ ላይ ጨምሮ ሌላ ስም ይይዛል። አንድ ምእመን በሰፈር በዓለም ስሙ ቢታወቅም ካህኑ በጸሎት የሚያነሣው በክርስትና ስሙ እንደ ሆነ፥ እንዲሁ ጠሪው በአንዱ ስም ሲፈልግ ላይብረሪው ተግባሩን በሌላው መዝግቦት ይገኛል። መጥቅዕ የሚለውን ስም በአምስት የላቲን ፊደላት ብንጽፈውና ኢንቲጀር የሚቀበል ቢሆን፥ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ከፊቱ አንደርስኮር፥ ዜድና 5 ቁጥር፥ ከኋላውም ኢንቲጀርን የሚያመለክተውን አይ ይጨምርበታል።

ይህን ለማወቅ የ«ኤን ኤም» ውጤት «ሲ ፕላስ ፕላስ ፊልት» በተባለው መሣሪያ ሲያልፍ የተለወጠው ስም ወደ ጥንተ ንባቡ ይመለሳል። ፈውሱም ለውጭ ጠሪ በሚቀርቡት ተግባራት መግለጫ ላይ «ኤክስተርን ሲ» የሚለውን ማኖር ነው፤ ይህም በሄደር ፋይሉ ውስጥ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ብቻ እንዲያየው ሆኖ ይጻፋል፥ የሲ ኮምፓይለር ይህን ቃል አያውቀውምና።

5ኛ፤ የተራውን ቅደም ተከተልና የኮዱን ዓይነት ያስተካክሉ

ሊንከሩ ትእዛዙን ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል፤ ስታቲክ ላይብረሪን ሲያገኝ እስከዚያ ድረስ የተፈለጉትን ስሞች ብቻ ወስዶ ያልፋልና፥ ፈላጊው ኦብጀክት ፋይል መቅደም፥ ላይብረሪው መከተል አለበት። በኡቡንቱ ላይ ደግሞ ሊንከሩ በልማድ የማያስፈልግ የመሰለውን ሼርድ ላይብረሪ ስለሚተው፥ ቀድሞ የተጻፈ ላይብረሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ይቀራል፤ ጉድለቱም በኢምፖርት ጊዜ ይገለጣል። የሒሳቡን ላይብረሪ «ሰረዝ ኤል ኤም» ከመጨረሻ ያኑሩት። ሁለት ስታቲክ ላይብረሪዎች እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉ ከሆነ «ስታርት ግሩፕ» እና «ኤንድ ግሩፕ» በሚሉት መካከል ያኑሯቸው።

መልእክቱ «በሰረዝ ኤፍ ፒክ እንደ ገና ኮምፓይል አድርግ» የሚል እንደ ሆነም፥ ብዙ ጊዜ ወደ ሞጁሉ የገባው ስታቲክ ላይብረሪ በማንኛውም የሜሞሪ ስፍራ ሊያርፍ በሚችል መልክ አልተጠናቀረም ማለት ነው፤ ሞጁሉን ሳይሆን ያንኑ ላይብረሪ በዚህ ምርጫ እንደ ገና ያጠናቅሩት።

6ኛ፤ የሞጁሉ መግቢያ ስም ከፋይሉ ስም ጋር ይስማማ

ፓይተን 3 ሞጁልን ሲጭን «ፓይ ኢኒት» ከሚለውና ከአንደርስኮር ቀጥሎ የሞጁሉ ስም የተጻፈበትን ተግባር ይፈልጋል። ፋይሉ ባሕረ ሐሳብ ተብሎ መግቢያው መጥቅዕ ቢባል፥ ወይም ኮዱ ለፓይተን 2 ተጽፎ መግቢያው «ኢኒት» ብቻ ቢሆን፥ ላይብረሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ አይከፈትም። መግቢያውን «ፓይ ሞድ ኢኒት ፈንክ» በሚለው ቃል መግለጽ ደግሞ ስሙ ለውጭ ጠሪ እንዳይሰወር፥ በሲ ፕላስ ፕላስም እንዳይለወጥ ይጠብቀዋል።

7ኛ፤ ላይብረሪው የሚገኝበትን ስፍራ ለጫኚው ያመልክቱ

ማያያዙ ተሳክቶ በኢምፖርት ጊዜ «ካኖት ኦፕን ሼርድ ኦብጀክት ፋይል» የሚል መልስ ከመጣ፥ የጎደለው የላይብረሪው አድራሻ ነው። ሰው ለሊንከሩ በሰረዝና በትልቁ ኤል የነገረውን መንገድ ጫኚውም የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ያ መንገድ ግን በማያያዝ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ስለ ሆነ በፋይሉ ውስጥ አይጻፍም። «ኤል ዲ ዲ» የተባለውን ትእዛዝ በነጥብ ኤስ ኦ ፋይሉ ላይ ያስሩጡ፤ «ኖት ፋውንድ» የሚል የተጻፈበት መሥመር የጠፋውን ያሳያል።

ምክንያቱ ይህ መሆኑን ለማረጋገጥ «ኤል ዲ ላይብረሪ ፓዝ» የተባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ ወደ ላይብረሪው ፎልደር አቅንተው ይሞክሩ፤ ከሠራ ምርመራው ተፈጸመ። ነገር ግን ይህ በአንድ ሰው ተርሚናል ላይ የሚኖርና እርሱ ሲዘጋ የሚጠፋ ስለ ሆነ ለመሥሪያ ቤት አይበቃም። ዘላቂው መንገድ ሁለት ነው፤ ላይብረሪው ከሞጁሉ ጋር አብሮ የሚጓዝ ከሆነ፥ በማያያዝ ጊዜ «አር ፓዝ» በተባለው ምርጫ የዶላር ምልክትና «ኦሪጅን» የሚለውን ጽፈው ጫኚው በሞጁሉ አጠገብ እንዲፈልግ ያድርጉ፤ ላይብረሪው የመላው ማሽን ከሆነ ደግሞ ፎልደሩን በ«ኤል ዲ ነጥብ ኤስ ኦ ነጥብ ኮንፍ ነጥብ ዲ» ሥር መዝግበው «ኤል ዲ ኮንፊግ» የተባለውን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስሩጡ።

8ኛ፤ ማሽኑና ዕትሙ መስማማታቸውን ይመርምሩ

«ሮንግ ኢ ኤል ኤፍ ክላስ» ከተባለ፥ አንዱ ባለ 32 ቢት ሌላው ባለ 64 ቢት ነው፤ «ፋይል» የተባለው ትእዛዝ የእያንዳንዱን ዓይነት ይናገራል። ለፓይተን 3.10 የተሠራው ሞጁል በፋይሉ ስም ላይ 310 የሚል ቁጥር ይዞ ሳለ ሌላ ዕትም ቢጠራው አይገኝምና፥ የሚሠራው ፓይተን የትኛው እንደ ሆነ አስቀድመው ይወቁ። «ጂ ሊብ ሲ» የተባለው መሠረታዊ ላይብረሪም እንዲሁ ነው፤ ኡቡንቱ 22.04 ባለ 2.35፥ ኡቡንቱ 20.04 ባለ 2.31 ስለ ሆኑ፥ በአዲሱ ላፕቶፕ የተጠናቀረው በአሮጌው ሰርቨር ላይ ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከሚሄድባቸው ማሽኖች መካከል እጅግ አሮጌ በሆነው ላይ ያጠናቅሩ፤ የፓይተኑ ዕትም አንድ እስከ ሆነ ድረስ በአሮጌው የተሠራው በአዲሱ ይሠራልና።

9ኛ፤ ከተገናኘ በኋላ ስሌቱን በታወቀ ዓመት ይፈትኑ

መገናኘት ትክክል መሆን አይደለም። ሲ ታይፕስ በተባለው መንገድ የሚጠሩ ከሆነ፥ የተግባሩን መቀበያና መመለሻ ዓይነቶች ካልነገሩት ፓይተን መመለሻውን ተራ ኢንቲጀር አድርጎ ስለሚወስደው፥ በባለ 64 ቢት ማሽን ላይ የሜሞሪ አድራሻ ተቆርጦ ይደርሳል። ስለዚህ «አርግ ታይፕስ» እና «ሬስ ታይፕ» የሚባሉትን ሁልጊዜ ይሙሉ፥ ከዚያም ሊቃውንት የሚያውቁትን ዓመት ይጠይቁ።

የ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7517 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፥ አንዱ ስለ ዘመኑ ሲቀነስ ወንበር 11 ይሆናል። 11 በ11 ተባዝቶ 121፥ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 1፤ 11 በ19 ተባዝቶ 209፥ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 29፤ የሁለቱም ድምር 30። በዚያ ዓመት ጾመ ነነዌ የካቲት 3፥ ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን ውሏል። በዚህ ብቻ ሳይረኩ 2005 ዓ.ም.ን ይጠይቁ፤ 7505 ለ19 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፥ ከዜሮ አንድ የቀነሰ ኮድ ወንበርን ከዜሮ በታች 1 ያደርገዋል፤ እውነተኛው መልስ ግን ወንበር 18፥ አበቅቴ 18፥ መጥቅዕ 12 ነው። ይህን ስሕተት ሊንከር አያየውም፤ የሚያየው የባሕረ ሐሳብ ባለሙያ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራም አዋቂው ሥራውን ለሊቁ ሳያሳይ ለሕዝብ አያቅርበው።

በመጨረሻ አንባቢ ሆይ፥ ችግሩ ሲፈታ ሥራው ተፈጸመ ብለው አይነሡ፤ የተነሣውን መልእክት፥ የተገኘውን ምክንያትና የተሳካውን የማጠናቀሪያ ትእዛዝ፥ ከኮምፓይለሩና ከፓይተኑ ዕትም ጋር በአማርኛ ጽፈው ከኮዱ ጋር በአንድ ፎልደር ያኑሩት። ሠራተኛ ይለወጣል፥ ማሽንም ያረጃል፤ ተጽፎ የቀረው ግን ተተኪው ሥራውን ከመጀመሪያ እንዳይጀምር ያደርገዋል።