በልጆች አጥንት ውስጥ ስለሚበቅል ዕጢና ስለ መርፌው ሕክምና

በልጆች አጥንት ከሚበቅሉት ዕጢዎች ብዙዎቹ ነፍስ የሚያጠፉ አይደሉም። ከእነዚህም አንዱን፥ ኦስቲኦይድ ኦስቲኦማ የሚባለውን፥ ሄንሪ ጃፌ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. ለይቶ ጻፈው። ዕጢው ከባቄላ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም፤ አዘውትሮም በጭንና በቅልጥም አጥንት ይወጣል። ወደ ሌላ አካል አይዛመትም፤ ነገር ግን ሕመሙ ሌሊት ይበረታልና ልጁን እንቅልፍ ይነሣዋል። ስለዚህ ልጁ በትምህርት ቤት ቢያንቀላፋ ወይም ቢያነክስ፥ መምህሩ ሰነፍ ነው ብሎ ሳይቀጣው ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ይጠይቀው።

ወጌሻ ቢያሸው፥ ወይም ቈዳው በጋለ ብረት ቢተኰስ አይድንም፤ ደዌው በአጥንቱ ውስጥ ነውና። የሚያስደንቀው ግን የሐኪሞቹም አዲስ መንገድ መተኰስ መሆኑ ነው። ቀድሞ ሥጋውን ሰንጥቀው አጥንቱን ይፈለፍሉ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. በዚሁ አቈጣጠር ግን በቦስተን ከተማ ዶክተር ዳንኤል ሮዘንታልና ባልደረቦቹ ሌላ ዘዴ አስታወቁ። ልጁ በማደንዘዣ ይተኛል፤ ሐኪሙም ሲቲ ስካን በሚሉት የራጅ መሣሪያ እያየ ቀጭን መርፌ እስከ ዕጢው መካከል ያገባል። ከዚያም በመርፌው ጫፍ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ኃይል ዕጢውን እስከ 90 ዲግሪ አግሎ በ6 ደቂቃ ያህል ይገድለዋል። ቍስሉ የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ስለ ሆነ፥ ብዙዎቹ ልጆች በዕለቱ ወይም በማግሥቱ ቤታቸው ይገባሉ። ዕጢው አልፎ አልፎ ቢመለስ ሥራው ይደገማል።

ሌሊት የሚያም አጥንት ሁሉ ግን ይህ ዕጢ ያለበት አይደለም፤ የከፋ ደዌም እንዲሁ ይጀምራልና፥ ልጁ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ሄዶ ራጅ ይነሣ።