ጨዋታውን ከማን ጋር አየነው?

መዝናናት የሥራ ፈት ነው የሚል አስተያየት በሰፈራችን ዛሬም አልጠፋም። አይፈረድም። የአንዋር መስጊድ አካባቢ የሥራ ሰፈር ነው፤ ገና ሳይነጋ አዛኑና የራጉኤል ደወል ተከታትለው ይሰማሉ፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው የጋሪ፣ የተሸካሚና የደላላ ድምፅ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ያደገ ልጅ «ልዝናና» ቢል «ምን ሠርተህ ደከመህ?» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። ሆኖም ሰው ከሥራው የሚያርፍበትና ከሚወዳቸው ጋር የሚስቅበት ሰዓት ካላገኘ ሥራውም ትምህርቱም እንደሚበላሽበት ሁላችንም ደርሶብን አይተነዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው መዝናናት ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ አይደለም። የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ኳስ ስናይ፣ ቴአትር ስንገባ፣ ሽርሽር ስንወጣ ከጎናችን የነበረው ማን ነው? ቤት የቀረውስ?

ይህን ጥያቄ ያስነሣብን በራሳችን መካከል የደረሰ አንድ ነገር ነው። ወደ እርሱ ከመግባታችን በፊት ግን ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ ገና ሁለት ቀኑ። በዚያን ዕለት በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያና ግብፅ ለሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተገናኙ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፣ ሁለት ጊዜም ተደረሰባት። ሁለተኛዋን የአቻነት ጎል ያገባው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ ጨምረው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ፤ ዋንጫውም እዚሁ ቀረ። ይህን ታሪክ የሰፈራችን አረጋውያን ትናንት እንደሆነ አድርገው ያወሩታል። ከመካከላችን የአንዱን አያት ግን «እማማ፣ እርስዎስ ያን ቀን የት ነበሩ?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «የት እሆናለሁ? ባሌ ሲመለስ ቡና እንዲደርስለት እያፈላሁ ነበር» አሉን። አገር የጨፈረበትን ቀን እርሳቸው የሚያስታውሱት በረከቦቱ ነው።

እኛ ራሳችን ለዕድሜያችን የሚሆን ትልቅ ቀን ያገኘነው ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች ነበርን። ብሔራዊ ቡድናችን ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ መጥቶ ስለነበር ሱዳንን ሁለት ለባዶ ማሸነፍ ነበረበት፤ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አገቡና ሁለት ለባዶ አሸነፈ። ውጤቱ በድምር አምስት ለአምስት ቢሆንም ከሜዳ ውጭ በተቆጠሩት ጎሎች ምክንያት ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። በዚያ ምሽት ከሰባተኛ እስከ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ መኪና የሚያልፍበት ቦታ አልነበረም። በእኛ ግቢ ውስጥ አንዱ «አዳነ!» ሲል ሌላው «ሳላዲን!» እያለ፣ የእስላሙ ልጅ አዳነን የክርስቲያኑ ልጅ ሳላዲንን እየጠራ ሲጮህ ማደሩን እናስታውሳለን። ማንም እንዲህ አድርጉ ብሎ አላዘዘንም።

ከዚያ ወዲህ ስታዲየም መሄድ የስድስታችን ልማድ ሆነ። ስድስት ነን፤ ሦስታችን በዚህ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ሦስቱ በመድረሳ ያደግን፣ በአንድ መንገድ ላይ በጨርቅ ኳስ ጉልበታችን የተላጠ። በመጀመሪያ የወሰዱን አባቶቻችን ናቸው። ከሰፈር ተነሥተን በተክለ ሃይማኖት፣ በጥቁር አንበሳ፣ በለገሃር አድርገን በእግራችን እንወርድ ነበር፤ ከ2008 ዓ.ም. መስከረም ወዲህ ደግሞ ከሰባተኛ በቀላሉ ባቡር ተሳፍሮ ስታዲየም መውረድ ተቻለ። በእግር መሄዱ ግን ይሻል ነበር እንላለን፤ የጨዋታው ግማሽ መንገዱ ላይ ነውና። አንደኛው አባት የጊዮርጊስ፣ ሌላው የቡና ደጋፊ ስለሆኑ ጥቁር አንበሳ እስክንደርስ ክርክሩ ይጦፋል፤ ለገሃር ላይ ለውዝና ቆሎ ሲገዛ ይበርዳል። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ የሚባሉትን የመቀመጫ ስሞች ከፊደል እኩል ነው የተማርናቸው።

ከእነዚያ አባቶች ሳናውቀው የተማርነው ሌላም ነገር አለ። ሐጂ ብለን የምንጠራቸው የጓደኛችን አባት አሱር ሳይሰግዱ አይነሡም፤ የእኛ አባት ደግሞ ቅዳሴ ወጥተው ምሳ ሳይበሉ አይንቀሳቀሱም። ስለዚህ የመነሻው ሰዓት ሁለቱንም አስቦ ይቆረጣል፤ የጨዋታው መጀመሪያ ቢያመልጠንም ማንም ማንንም ጥሎ አይሄድም። ስንቁም እንዲሁ ነው። አንዱ የሌላውን ሥጋ ስለማይበላ እናቶቻችን የሚቋጥሩልን ሁልጊዜ ሁላችንንም የሚያገባ ነገር ነበር፤ ዳቦ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ብርቱካን። በረመዳን ሲሆን ክርስቲያኖቹ ልጆች ቆሏችንን ኪሳችን አድርገን እንቆያለን፤ በሁዳዴ ደግሞ እነርሱ በፊታችን ወተት አይጠጡም ነበር። ይህን «መቻቻል» ብለን የምንጠራው በዩኒቨርሲቲ ወረቀት ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ስሙን አናውቀውም።

እናቶቹና እኅቶቹ ግን አሁንም ቤት ነበሩ። ስታዲየሙ ስድብ አለበት፣ ግፊያ አለበት ይባላል፤ እውነትም አለበት። እናቶቻችን ቴአትር ይወዱ እንደነበር፣ ራስ ቴአትር ለሰፈራችን ቅርብ ስለነበረ በበዓል ሰሞን ይገቡ እንደነበር የሰማነው ካደግን በኋላ ነው። መቼ እንደተውት ብንጠይቃቸው «እናንተ ስትወለዱ» አሉን።

በኋላ ነገሩ ተለወጠ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘግቶ የሊጉ ጨዋታ በክልል ከተሞች በዞረባቸው ዓመታት በእግራችን የምንወርድበት ሜዳ አጣን። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በዲኤስቲቪ መታየት ስለጀመረ ጨዋታውን አላጣነውም፤ ያጣነው መንገዱን ነው። ቦታችን ዲኤስቲቪ ቤት ሆነ። አግዳሚ ወንበር፣ የተዘጋ መስኮት፣ ሻይ በብርጭቆ፣ ቅዳሜና እሑድ ከቀትር እስከ ምሽት አርሰናልና ማንቸስተር። አባቶቻችን አንድ ሁለት ጊዜ መጥተው ጭሱንና ጫጫታውን አልቻሉትም። ታናናሾቻችንን አናስገባም። እንዲህ እያለ ከሦስት ትውልድ አንዱ ብቻ ቀረ።

በዚያ ቤት በር ላይ ነው ከውርርዱ ጋር የተዋወቅነው። ወንድሞችና እኅቶች ስለ ቤቲንግ «ክፉ ነው» የሚል ምክር ብዙ ሰምታችኋል፤ እኛም ሰምተን ነበር፣ አልጠቀመንም። ሒሳቡን ማንም ቁጭ አድርጎ ያሳየን ስላልነበረ እኛ እናሳያችሁ። አንድ ሰው በአሥር ብር አምስት ጨዋታ ገመተ እንበል። እያንዳንዱ ግምት የመሳካት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ይሁን። ኦድ የሚሉት ማባዣ ቁጥር ትክክለኛ ቢሆን ኖሮ 2 መሆን ነበረበት፤ አጫዋቹ ግን ድርሻውን አስቀድሞ ቀንሶ 1.80 ይሰጣል። አንድ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ከአሥሩ ብር በአማካይ የምታጡት አንድ ብር ነው፤ ትንሽ ይመስላል። አምስቱ ሲባዙ ማባዣው ወደ 18.9 ያድጋል፣ «በአሥር ብር 189 ብር!» ተብሎ ያስጎመጃል። ነገር ግን አምስቱ አንድ ላይ የመሳካታቸው ዕድል ከ32 አንድ ነው። 189ኙን ለ32 ብታካፍሉት ስድስት ብር አይሞላም። ስለዚህ አሥር ብር በተቆረጠ ቁጥር በአማካይ አራት ብር ያህል ከኪሳችን ወጥቶ ይቀራል ማለት ነው። ትኬቱ ላይ የጨዋታው ብዛት በጨመረ ቁጥር የሚያጓጓው ቁጥርም የሚጠፋውም ብር አብረው ያድጋሉ።

ይህ የገንዘቡ ሒሳብ ነው። የባሰው ሌላው ነው። አንድ ቅዳሜ ስድስታችንም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ ስድስታችንም የአንድ ቡድን ደጋፊዎች ሆነን፣ ቡድናችን ሦስተኛውን ጎል ሲያገባ አራታችን ዘለልን፤ ሁለቱ ራሳቸውን ያዙ። ትኬታቸው «ከሦስት ጎል በታች» ይል ነበርና። አብረን ተቀምጠን አብረን መደሰት እንዳቃተን ያን ቀን ታየን፤ ቢሆንም ሳቅንበት እንጂ አላሰብንበትም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። እናቶቻችንንና ታናናሾቻችንን ይዘን ወደ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የአንድ ቀን ሽርሽር ለመውጣት ተስማማን። የሄድነው ሁሉ እነርሱን ጥለን ስለነበር እንደ ካሣም አስበነው ነበር። ስድስታችን በሳምንት ሃምሳ ሃምሳ ብር እያዋጣን በሃያ ሳምንት 6,000 ብር ሞላልን። ሚኒባስ ተነጋገርን፣ ቀን ቆረጥን፣ ለእናቶቹም ነገርናቸው። ብሩ ከመካከላችን በአንዱ እጅ ነበር። ከየትኛው ወገን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ያስፈልጋል የሚል አንባቢ ካለ ጽሑፉን እንደገና ከላይ ቢጀምረው ይሻላል። ሊሄዱ አምስት ቀን ሲቀር ገንዘቡን ስንጠይቀው 1,800 ብር አወጣ። ቀሪውን 4,200 በሦስት ሳምንት ውስጥ ለቤቲንግ አውሎታል። የመጀመሪያው 200 ብር ሲጠፋበት እርሱን ለመመለስ ሲል፣ ከዚያም የዚያኑ ለመመለስ ሲል።

ያደረግነውን ደብቀን ለሌላ ትምህርት ልንሰጥ አንችልም። አንደኛችን አንገቱን ያዘው። ሁለታችን «ለእናቱ እንንገር» አልን፣ ሌላው «ካወቁ ይሞታሉ» አለ። በመጨረሻ ለእናቶቹ «መኪና ጠፋ» ብለን ዋሸን፤ እርሱን ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ሰላም አላልነውም። በአንድ በር እየወጣን በአንድ ቧንቧ ውኃ እየቀዳን ሰላም አለመባባል እንዴት እንደሚከብድ የግቢ ልጅ ያውቀዋል።

ያለፈው ጥቅምት ውስጥ የአንዳችን እናት «እኔ የምለው፣ ቢሾፍቱ ቀረ እንዴ?» ብለው ጠየቁ። መኪናው ነው፣ ነዳጁ ነው፣ እያልን ስንንተባተብ፣ «ታዲያ ቢሾፍቱ ምን ያደርግልኛል? ከቤት መውጣት ነበር እንጂ የፈለግሁት» አሉ።

ይህ ቃል ካሰብንበት ሁሉ አሳጠረን። እሑድ ከሰዓት በኋላ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ስለሆነ በሥራ ቀን እግር ማሳረፊያ የሌለው መንገዳችን ባዶ ነው። ድንጋይ ጎል አድርገን፣ ሁለት ቡድን ሠርተን፣ እናቶቹን በረንዳው ላይ በርጩማ አቀረብንላቸው። አንዷ ቡና አፈሉ፣ አንዷ ሳምቡሳ አመጡ። ቡድኑን የከፈልነው በዕጣ ነው፤ ጊዮርጊስ ወይም ቡና የሚባል ስም አልሰጠንም፣ አባቶቹ እንዳይጣሉ። የአሥራ ሁለት ዓመት እኅታችን ጎል ልጠብቅ አለች። «ሴት ልጅ?» ያለ ነበር፤ ሁለተኛውን ኳስ ስትይዝ ዝም አለ። ሐጂ አሱር ሰግደው ሲመለሱ ጨዋታውን አስቁመው አንድ ቅጣት ምት እኛ እንዳየነው እንዳልነበረ አስረዱን። የሱቅ መስተዋት ከተሰበረ ወጪው ለስድስታችን ነው ብለን ነበር፤ አልተሰበረም።

ያ ጓደኛችን ከማዕዘኑ ቆሞ ያይ ነበር። ምንም የማያውቁት እናት «አንተ ደግሞ ምን ያቆምሃል? ቡና ድረስ እንጂ» ብለው ጠሩት። መጣ። እኛም አላባረርነውም፣ አልሳቅንለትምም። በሦስተኛው እሑድ ራሱ ለእናቱ ነገራቸው፤ ለሌሎቹም እናቶች ነገራቸው። ሁለቱ አለቀሱ፣ አንዷ ተቆጡ፤ ያቺው ቡና የጠሩት እናት ግን እርሱን ትተው ወደ እኛ ዞሩና «መኪና ጠፋ ያላችሁኝስ?» አሉ። መልስ አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ነገር ሞክረናል። ኅዳር ላይ ሁለት እናቶችና አራት ልጆች ይዘን ታላቁ ሩጫን ለማየት ወጣን። ይህ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረገው የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ ሯጭ ላልሆነም ሰው የሚሆን መዝናኛ ነው፤ ግማሹ ይሮጣል፣ ግማሹ እየዘፈነ ይራመዳል፣ ለተመልካች ደግሞ ክፍያ የለበትም። አንደኛዋ እናት ሌላ ጊዜ ራሳቸው እንደሚገቡበት ተናግረዋል፤ ጫማ እየፈለግንላቸው ነው። ዲኤስቲቪ ቤትም ጨርሰን አልተውንም፤ ትልቅ ጨዋታ ሲኖር እንገባለን፣ ትኬት የቆረጠ ግን አስቀድሞ ይናገራል ብለን ተስማምተናል። እስካሁን የተናገረ የለም። እውነቱን ከሆነ ደስ ይለናል።

ጓደኛችን በየወሩ 300 ብር ይመልሳል፤ በዘጠኝ ወር 2,700 ገብቷል፣ 1,500 ይቀራል። ገንዘቡን አሁን የምትይዘው ጎል ጠባቂዋ እኅታችን ናት፤ ደብተር አላት፣ ለማንም አታሳይም። ሚኒባሱ ዋጋ ስለጨመረ ቢሾፍቱ መቼ እንደምንሄድ አልቆረጥንም። የሚቀጥለው የመንገድ ጨዋታ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ከመስጊዱ በታች ባለው መንገድ ነው። እኅታችን እጇን እየተላጠች ስለሆነ አሮጌ የበረኛ ጓንት ያለው ቢያውሰን እንመልሳለን።