«ልጄ ዶክተር ሊሆን ነው፤ ግን ጠባዩ ተቀየረብኝ» - የሰልጣኝ ሐኪሞች ስብዕናና የአእምሮ ጤና



ሸማ ተራ አካባቢ ስለምሠራ ለደም ግፊትና ለስኳር ክትትል የሚመጡ ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ዶክተርዬ፣ ልጄ ሕክምና ነው የሚማረው። ድሮ ተጫዋች ነበር። ኢንተርን ከሆነ ወዲህ ግን ቤት ሲመጣ አይናገርም፣ ስንጠይቀው ይቆጣል። ጠባዩ ነው ወይስ ታሞብኝ ነው?» ዛሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ልስጥ።

ስብዕና ምንድን ነው?

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሰውን ስብዕና ብዙ ጊዜ በአምስት ባህርያት ይለኩታል፦ ጥንቁቅነትና ኃላፊነት፣ ተግባቢነት፣ ለሰው ማሰብና መስማማት፣ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ እንዲሁም ቶሎ የመጨነቅና በስሜት የመዋዠቅ ዝንባሌ (ኒውሮቲሲዝም)። አምስቱም ሁላችንም ጋ አሉ፤ ልዩነቱ መጠናቸው ነው። አንዳቸውም በሽታ አይደሉም።

ጥሩ ሐኪም የሚያደርገው ጠባይ ሲጎዳ

ሕክምና የሚገባው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ጥንቁቅ ነው። የላብራቶሪ ውጤት ሳያይ ወደ ቤቱ አይሄድም። ለታካሚ ይህ በረከት ነው። ነገር ግን ጥንቁቅነቱ «እንከን ከተገኘብኝ ዋጋ የለኝም» ወደሚል ሐሳብ ሲቀየር ሰውየው ተኝቶም አያርፍም። ሌሊት ነቅቶ «ያ በሽተኛ ጋ ያመለጠኝ ነገር ይኖር ይሆን?» ይላል። ጠዋት ሞርኒንግ ላይ ሲኒየሩ በሰው ፊት ሲቆጣው፣ ቁጣውን እንደ ፍርድ ይወስደዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ አንደኛ ስለሚወጣ «ከበደኝ» ማለትም አልለመደም።

ታዲያ ጥፋቱ የጠባዩ ነው?

አይደለም። በአሜሪካ በ13 ሆስፒታሎች በ740 ኢንተርኖች ላይ የተሠራና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የድባቴ መስፈርት ያሟሉት 3.9 በመቶ ብቻ ነበሩ። በኢንተርንሺፕ ዓመታቸው ግን በአማካይ 25.7 በመቶ ሆኑ። ቶሎ የመጨነቅ ዝንባሌ ያላቸው፣ ከዚህ በፊት ድባቴ የነበረባቸው፣ በልጅነታቸው በቤተሰብ ችግር ያለፉ እና ሴቶች ይበልጥ ተጎድተዋል። የሥራ ሰዓት ሲጨምርም ምልክቱ ጨምሯል።

ልብ በሉ! ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ስብዕናቸው በጥቂት ወራት ውስጥ አልተለወጠም። የተለወጠው ኑሯቸው ነው። ስብዕና ማን ቀድሞ ሊጎዳ እንደሚችል ይጠቁማል፤ ሸክሙን የሚጭነው ግን ሥልጠናው ነው። ስለዚህ «ደካማ ስለሆነ ነው» የሚባለው ስህተት ነው።

የኛ አገር ሥልጠናም ቀላል አይደለም። እኔ ኢንተርን ሳለሁ ሌሊቱን ዱቲ አድሬ በማግስቱ ራውንድ ገብቼ የምውልበት ቀን ብዙ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች የሥራ ሰዓታቸውንና አያያዛቸውን በተመለከተ ጥያቄያቸውን በአደባባይ ማንሳታቸው ይታወሳል።

ድካም ነው ወይስ ድባቴ?

ድካም ከሆነ ሁለት ቀን እንቅልፍና እረፍት ሲያገኝ ይቀለዋል። የሚከተሉት ምልክቶች ግን አብዛኛውን ቀን፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆዩ ድባቴ ሊሆን ይችላል፦

- ማዘን፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ደስ ይለው የነበረን ነገር መጥላት
- ጊዜ አግኝቶም እንቅልፍ ማጣት ወይም ከመጠን በላይ መተኛት
- የምግብ ፍላጎት መለወጥ
- ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል
- ራስን አብዝቶ መውቀስ
- ስለ ሞት ማሰብ

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

1. «አንተ እኮ ዶክተር ነህ፣ ራስህን አታክምም?» አትበሉ። ሐኪምም ሐኪም ያስፈልገዋል።
2. ከዱቲ ሲመጣ መጀመሪያ ይብላ፣ ይተኛ። ወሬው ይደርሳል።
3. ለብቻው ስታገኙት «ከብዶሃል? ንገረኝ» በሉት። መፍትሔ ለመስጠት አትቸኩሉ፤ አዳምጡት።
4. ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት።

ሰልጣኝ ሐኪሞችስ?

በራሳችሁ እጅ የእንቅልፍ መድኃኒት አትጀምሩ፤ ጫትና አልኮልም መፍትሔ አይደሉም። ከምታምኑት ጓደኛ ጋር ተነጋገሩ። ፒኤችኪው-9 የሚባለው ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ በጳውሎስ ሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ ለኛም አገር እንደሚሠራ ታይቷል። ለበሽተኛ የምትሞሉትን ለራሳችሁም ሙሉት። 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ባለሙያ አማክሩ። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ድባቴ ከታየባቸው የሕክምና ተማሪዎች መካከል እርዳታ የፈለጉት 15.7 በመቶ ብቻ ናቸው። የሚከለክለን አንዱ ነገር «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ነው።

ለሸማ ተራ ሰው አማኑኤል ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። ሩቅ ያደረገው «አማኑኤል ገባ ይሉናል» የሚለው ፍርሃት ነው። ድባቴ በምክርና በመድኃኒት የሚታከም በሽታ ነው፤ ታክሞ ወደ ሥራው የተመለሰ ሐኪም ብዙ ነው።

አስቸኳይ! ልጃችሁ «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ወይም ራሱን ለመጉዳት ካሰበ ብቻውን አትተዉት። መድኃኒትና ስለት ከአጠገቡ አርቁ፤ በዚያው ሰዓት በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ሕክምና የሚማር ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ላለው ሁሉ አጋሩት። ዛሬ ማታ ደውሉና «እንዴት ነህ?» በሉት፤ «ደህና ነኝ» ሲላችሁም ትንሽ ቆዩና ደግማችሁ ጠይቁት።

ጤና ይብዛላችሁ!