የመጀመሪያው ወተት

የሰው ልጅ ሲወለድ እጅግ ደካማ ነው። ጥጃ በተወለደ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በእግሩ ይቆማል፤ ጫጩትም ከእንቁላሉ ከወጣ በኋላ ሳይቈይ ጥሬ መልቀም ይጀምራል። ሕፃን ግን ራሱን እንኳ ቀና ለማድረግ አይችልም። ስለዚህ ምግቡ በእናቱ ጡት ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ነገር ግን ጡት ማጥባት ሁልጊዜ ቀላል ሥራ አይደለም፤ እናትም ልጅም ሊማሩት የሚገባ ነገር ነው።

በጎጃም በአንዲት መንደር አንዲት ወጣት ሴት የበኵር ልጅዋን ሌሊት ወለደች። ሲነጋም ሕፃኑን ወደ ጡትዋ አስጠጋችው፤ የወጣው ግን ጥቂት፥ ወፍራምና ቢጫ ነበረ። እናትዋ ይህን አይተው፥ «ልጄ፥ ይህ እንገር ነው፤ የልጁን ሆድ ይቈርጠዋል። ታልቦ ይፍሰስ፤ ነጩ ወተት እስኪመጣ ድረስ ቅቤ እናቅምሰው» አሉ። ይህንም የተናገሩት በክፋት አይደለም፤ ከእናታቸው የተቀበሉት ልማድ ስለ ሆነ ነው።

ወጣቲቱ የእናትዋን ቃል ለመቃወም አፈረች። ሕፃኑም በጠባ ቍጥር የጡትዋ ጫፍ ያማት ነበር። እርሱ በራብ ሲያለቅስ ባየች ጊዜ፥ «እኔ ወተት የለኝም፤ ልጄን ምን ላድርገው?» ብላ እርስዋም አለቀሰች።

በዚህ ጊዜ የቀበሌው የጤና ሠራተኛ አራሲቱን ልትጠይቅ መጣች። ነገሩን በሰማች ጊዜ አሮጊቲቱን አልተቈጣችም፤ ነገር ግን በትሕትና፥ «እማማ፥ ጥጃ የእናቱን እንገር ሳይጠባ ቢቀር ምን ይሆናል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

አሮጊቲቱም፥ «እርሱማ አይጠናም፤ በሽታ ቶሎ ይጥለዋል» አሉ።

«የሰውም ልጅ እንዲሁ ነው። ለጥጃ ያልከለከልነውን ለልጃችን ስለ ምን እንከለክለዋለን?» አለቻቸው። አሮጊቲቱ ጥቂት ዝም ብለው አሰቡ፤ ከዚያም ተነሥተው ቅቤውን ወደ ጓዳ መለሱት።

የጤና ሠራተኛዪቱም አጠባቡን አሳየች። የሕፃኑን ሆድ ከእናቱ ሆድ ጋር አስጠጋች፤ አፉንም በሰፊው እስኪከፍት ድረስ ጠብቃ፥ የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጥቁሩን ክፍል እንዲጐርስ አደረገች። ያን ጊዜ ሕመሙ ቀለለ፤ ሕፃኑም እየዋጠ ጠባ። ጡት በተጠባ መጠን ወተቱ ይበዛልና፥ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ እንድታጠባው ነገረቻት። በ3ኛውም ቀን ጡትዋ ሞላ፤ ነጩ ወተት መጣ። እናትዋ ገንፎና አጥሚት እያቀረቡ፥ ባልዋም ውኃ እየቀዳና እንጨት እየፈለጠ አሳረፉዋት።

እንገር መጠኑ ጥቂት ነው፤ የአዲስ ሕፃን ሆድም ትንሽ ስለ ሆነ ያ ጥቂቱ ይበቃዋል። በውስጡ በሽታን የሚከላከል ኃይል አለበት፤ የሕፃኑንም አንጀት ያጠራል። ቅቤና ሌላ ነገር ግን የበሽታ ተሐዋስያንን ወደ ሆዱ ሊያስገቡ ይችላሉ። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት ሕፃን በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲጀምር፥ እስከ 6 ወርም ከእናቱ ወተት በቀር ውኃ እንኳ እንዳይሰጠው ይመክራል። ከዚያም በኋላ ሌላ ምግብ እየተጨመረለት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊጠባ ይገባዋል። ውኃ ይጠማዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፥ ከእናት ወተት ከ100 እጅ 87 ያህሉ ውኃ መሆኑን ይወቅ። በሕመም ምክንያት ማጥባት የማይቻላት እናትም ሐኪም ትጠይቅ እንጂ አትፈር፤ የእናትነት ፍቅር በወተት ብዛት አይለካምና።

ከዚህ ነገር ሁለት ትምህርት ይገኛል። መጀመሪያ፥ ጥቂት የሚመስለውን ነገር በመልኩ ብቻ አይቶ መናቅ አይገባም፤ ሊፈስስ የነበረው እንገር ለሕፃኑ ከሁሉ የሚሻለው ምግብ ነበረና። ሁለተኛም፥ ፍቅር ዕውቀት ሲጨመርበት ይበልጥ ይጠቅማል። አሮጊቲቱ የልጅ ልጃቸውን ይወዱ ነበር፤ በእርጅና ዘመናቸው ለመማር ባለማፈራቸው ግን ፍቅራቸው ፍሬ አፈራ።

ልጆች ሆይ፥ እናንተም አንድ ቀን እንደዚህ ደካሞች ነበራችሁ፤ በሌሊት ስታለቅሱ ስለ እናንተ እንቅልፍዋን ያጣች አለች። እንግዲህ በቤታችሁ አራስ ባለች ጊዜ ውኃ ቅዱላት፥ ቤቱን ጥረጉላት፥ በተኛችም ጊዜ አትጩኹ። ውለታ የሚመለሰው በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራም ነው።